ለዓይነ ስውር ልጅ መንገድ ስታስተምሩ ከመድረሻው ጀምሩ

ማየት የተሳነው ልጃችሁ ብቻውን ሱቅ እንዲሄድ ስታለማምዱ ከቤት በር ከጀመራችሁ፣ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይጠፋበትና ይደናገጣል፤ ቀሪውን እጁን ይዛችሁ ትጨርሱለታላችሁ። እንዲህ ሲደጋገም ልጁ በራሱ መድረስን አይለምድም።

ገልብጡት። ከክርናችሁ ከፍ ብሎ ክንዳችሁን ይዞ እስከ ሱቁ አቅራቢያ አብራችሁ ሂዱ፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ብቻ በነጭ በትሩ ራሱ ይጨርስ። ብስኩቱን ራሱ ይጠይቅ፣ ሂሳቡንም ራሱ ይክፈል፤ ይህን ደስታ አትንፈጉት። ሲለምድ ትንሽ ወደኋላ መለስ ብላችሁ ከቆርቆሮው አጥር ጀምሮ ልቀቁት፤ ቀጥሎ ከወፍጮ ቤቱ፤ እንዲህ እያላችሁ እስከ ቤት በር። ልጁ ሁሌም ከአዲሱ ወደለመደው ስለሚራመድ፣ በሄደ ቁጥር ፍርሃቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ምልክት ስትመርጡ ቦታውን የማይለቅ ነገር ይሁን፦ በትሩ ሲነካው የሚጮህ ቆርቆሮ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ አፈር የሚጀምርበት ቦታ። የበቆሎ ጥብስ ሽታ አይታመንም፤ ሻጯ ነገ ላትመጣ ትችላለች።

መመለሻው ለእሱ ሌላ መንገድ ነው። በዚሁ ዘዴ ለብቻው ይማረው።

መኪና የሚበዛበት ማቋረጫ ወይም ክዳን የሌለው ቦይ ካለ ግን ልጁን አትልቀቁት። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥልም ልምምዱ ይቅር፤ የጣሪያው ጩኸት የሚመራበትን ድምፅ ሁሉ ይውጥበታል።