ለፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን ጥርት ያለ መስኮት አሠራር

ከሞዴል አውሮፕላን ካርቶን ውስጥ ከሚወጡት ክፍሎች መካከል ሠሪውን ብዙ ጊዜ ቅር የሚያሰኙት መስኮቶቹ ናቸው። ፋብሪካው የሚሰጠው ግልጽ ፕላስቲክ ከልኬቱ አንጻር ወፍራም ስለሆነ ከጀርባው ያለውን ነገር ያጣምማል፤ በ1/72 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ በተሠራ ሞዴል፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስኮት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቢሆን ከ7 ሴንቲሜትር በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ መስኮቱን ራስ መሥራት ያዋጣል፤ ዘዴውን የሚወስነውም የመስኮቱ ስፋትና ቅርጽ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረበትን ሲ-47 እና በ2012 የተረከበውን ቦይንግ 787 እንውሰድ። የ787 የመንገደኞች መስኮት ቁመቱ 47 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆንም፣ በ1/144 ልኬት ከ3 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፤ ለዚህ ሲደርቅ ጥርት የሚለው ነጭ ኮላ ይበቃል። አራት ማዕዘን የሆነው የሲ-47 መስኮት በ1/72 ልኬት ሲሠራ ግን ሰፋ ስለሚል፣ ጠፍጣፋ ስስ ፕላስቲክ ይሻለዋል።

በኮላ ለመሥራት የሥራው ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። የደረቀ ኮላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይነጣል፣ ይለሰልሳልም፤ በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት ምልክቶችና ጽሑፎች ስለዚህ አስቀድመው መለጠፍ አለባቸው። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ የሚቀባ ከሆነም እንዲሁ ቀድሞ ይቀባ፤ መስኮቱ ላይ ካረፈ ያደበዝዘዋልና። የቀዳዳው ጠርዝና የአውሮፕላኑ አካል ውስጠኛ ግድግዳ ሁለቱ ጎኖች ከመገጣጠማቸው በፊት ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ይቀቡ፤ ይህ ከተዘነጋ የፕላስቲኩ የራሱ ቀለም በመስኮቱ በኩል ይታያል።

ኮላው ሲደርቅ ወደ ቢጫ የሚያደላ አለመሆኑን በቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ጠብታ አድርቆ ማረጋገጥ ይገባል። በውሃ ማቅጠን አያስፈልግም፤ ከቀጠነ ሽፋኑ አቅም ያጣል። የቀዳዳው ጠርዝ በምላጭ ተፍቆ ንጹሕ ከሆነ በኋላ፣ የስቴኪኒ ጫፍ ኮላ ውስጥ ተነክሮ በጠርዙ ዙሪያ ይዞራል፤ ዙሪያው በሙሉ ኮላ ሲነካ ስቴኪኒውን አጋድሞ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በዝግታ መሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ኮላው እንደ ሳሙና አረፋ ስስ ሆኖ ቀዳዳውን ይሸፍናል። የአየር ነጥብ ከያዘ ሳይደርቅ በመርፌ ጫፍ ይፈነዳል። ሽፋኑ ቢቀደድም በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ኮላ ፕላስቲኩንም ሆነ በደንብ የደረቀውን ቀለም አይጎዳም፤ ይህን ዘዴ ከሌሎቹ የማስበልጠውም ስለዚህ ነው። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሽፋን፣ አቧራ በማይደርስበት ቦታ ቢያድር ጥርት ይላል። ሲደርቅ ወደ ውስጥ ትንሽ ይሰረጉዳል፤ በትንሽ መስኮት ላይ ይህ አይታወቅም፣ በሰፊው ላይ ግን ያስታውቃል።

ለሰፊው መስኮት የትራንስፓረንሲ ወረቀት የሚባለው ግልጽ ስስ ፕላስቲክ ከቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና፣ የአውሮፕላኑ ሁለት ጎኖች ከመገጣጠማቸው በፊት ከውስጥ በኩል በዚያው ነጭ ኮላ ይለጠፋል። እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ መጠቀም አይገባም፤ ትነቱ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ነጭ ጉም ይተዋል። የሞዴል ማጣበቂያም ሞዴሉ የተሠራበትን ፕላስቲክ (ፖሊስታይሪንን) የሚያሟሟ በመሆኑ አንዲት ጠብታ ብትፈስ የፋብሪካውን መስኮት ታበላሻለች።

የአብራሪውን ክፍል መስታወት ከፋብሪካው እንደመጣ ለመጠቀም የፈለገ ሰው ጭረቱን በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሰ ካለሰለሰ በኋላ በጥርስ ሳሙና ይወልውለው። ከዚያም በወረንጦ ይዞ ግልጽ የአክሪሊክ የወለል ፖሊሽ ውስጥ ይንከረውና፣ ታች የሚጠራቀመውን ጠብታ በሶፍት ጫፍ መጥጦ ክዳን ሥር ያድርቀው።

ይህ መስታወት ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ደግሞ፣ ለክብ ቅርጽ የሃይላንድ ጠርሙስ ያገለግላል። ቅርጹ ከእንጨት ተቀርጾ በደንብ ይለሰልሳል፤ የእንጨቱ ጉድፍ ሁሉ በፕላስቲኩ ላይ ይታተማልና እዚህ ላይ ችኮላ አያዋጣም። እንጨቱ በተቆረጠ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ በሙቅ አየር መሣሪያ ዙሪያውን ሲሞቅ፣ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ ቅርጹን ይይዛል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በአዲስ ምላጭ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመሩን ደጋግሞ በመጫር ይቆረጣል።