በመስታወት የተሳለችውን እመቤታችንን ለመለየት ከእግሯ ጀምሩ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለዘጠኝ ዓመት በጽዳት ሠርቻለሁ። የእኛ ምእመናን የራሳቸው ሕንፃ እስኪያገኙ ድረስ እሑድ ማለዳ እዚያው ተከራይተው ያስቀድሱ ነበር። ቅዳሴው ሲያበቃ እናቶች እጄን ይዘው ወደ ባለቀለሙ መስኮት ይወስዱኝና «ልጄ፣ ይህቺኛዋ የት የተገለጠችው ናት?» ይሉኛል። በመጀመሪያው ዓመት አንዲቷን እናት «ፋጢማ ናት» አልኳቸው። ሉርድ ነበረች፤ ሁለቱም እመቤታችን ተገልጣባቸዋለች የሚባሉ ቦታዎች ናቸው። እሳቸው አዲስ አበባ ደውለው ለእህታቸው ነግረው ስለነበር፣ በሚቀጥለው እሑድ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ ነው የማየው።

ፊቷን አይታችሁ አትለዩም። ሁሉም ሠዓሊ ወጣት፣ ዓይኗን ዝቅ ያደረገች አድርጎ ይስላታል። መለያው ያለው እግሯ ዘንድ ነው።

በሁለቱም እግሮቿ ላይ አንዳንድ ቢጫ ጽጌረዳ ካለ ሉርድ ናት። ቀና ስትሉ በነጭ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ መቀነት ታያላችሁ፤ ከጎኗም ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ ፈረንሳይ ለ14 ዓመቷ ድኻ ልጅ ለበርናዴት ሱቢሩ 18 ጊዜ ተገልጣለች። በአንዳንድ መስኮት ዙሪያዋን ጽሑፍ ይኖራል። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እንኳ ግር ይለዋል፤ ምክንያቱም ቃሉ በርናዴት ቤቷ የምትናገረው የአካባቢው ቋንቋ ነው። እመቤታችን «ያለ አዳም በደል የተፀነስኩ ነኝ» ያለቻት በዚያ ቋንቋ ነበር። ልጅቷን በእናቷ አፍ ማናገሯ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ከእግሯ ሥር ትንሽ ዛፍና ደመና ካለ ግን ፋጢማ ናት፤ ፖርቱጋል፣ እ.ኤ.አ. 1917። ያሳሳተኝ ነጩ ልብስ ነበር። የተንበረከኩትን ብቆጥር ኖሮ አልስትም ነበር፦ ሉርድ ላይ አንዲት ልጃገረድ፣ ፋጢማ ላይ ሦስት እረኞች ናቸው። ሉሲያ፣ ፍራንሲስኮና ጃሲንታ፤ አጠገባቸው በጎች አሉ።

በግ የሌለበት፣ ጎልማሳ ሰው ካባውን ዘርግቶ ጽጌረዳ የሚያፈስበት መስኮት ካጋጠማችሁ ጓዳሉፔ ነው። ሰውየው የሜክሲኮው ኹዋን ዲዬጎ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1531። እሷ ጨረቃ ላይ ቆማ ክንፍ ያለው መልአክ ከሥር ይሸከማታል። ከሆዷ በላይ የታሰረችውን ጥቁር መቀነት አትለፏት፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን የምትናገረው እሷ ናት።

የምድር ሉል ላይ ቆማ እባብ ከረገጠች፣ ከእጆቿም ብርሃን ከወረደ፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ፓሪስ ውስጥ ለመነኩሲቷ ለካትሪን ላቡሬ የታየችው ናት። ጨረሩ የሚወጣው ከጣቶቿ ቀለበት ነው። ካትሪን ያላበሩ ፈርጦችም አይታለች፤ ሰዎች መለመን የሚረሱት ጸጋ ነው ተብሎ ተነግሯታል። እኔ ለሰው ሳስረዳ እዚህ ላይ እቆያለሁ። ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ይዛ የምታለቅሰው ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው የላ ሳሌት ናት፤ ደረቷ ላይ ባለው መስቀል ጎንና ጎን መዶሻና ጉጠት አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጨረቃና 12 ኮከብ ብቻቸውን የመገለጥ ቦታ አይነግሯችሁም። ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 የመጡ ናቸውና በብዙ ሥዕል ላይ ይገባሉ። በገብርኤል እጅ ያለው ነጭ የሊሊ አበባ ንጽሕናዋ ነው። ደረቷን በአፏ ወግታ ጫጩቶቿን በደሟ የምትመግበው ወፍ የክርስቶስ ምሳሌ ናት። እሳት ይዞት የማይቃጠል ቁጥቋጦ ካያችሁ ደግሞ ማንንም አትጠይቁ፤ የሐሙሱን ውዳሴ ማርያም የደገመ ሰው ያውቀዋል።

የምትሄዱበትን ሰዓት ምረጡ። ሰማያዊው መስታወት ቀለሙን የሚያገኘው ከኮባልት፣ ቢጫው ብዙ ጊዜ ከብር ውህድ ነው፤ ሁለቱም ያለ ብርሃን ጥቁር ይመስላሉ። የምሥራቁን መስኮት ጧት፣ የምዕራቡን ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እዩ። ከፍ ያለውን በስልካችሁ አንሥታችሁ አጉሉት፤ ፍላሽ ግን አጥፉ፣ ጥቅም የለውም። የቀሚሷን እጥፋትና የዓይኗን ሽፋሽፍት የሠሩት በብሩሽ ቀብተው፣ መስታወቱን መልሰው በእሳት ተኩሰው ነው። ጥቁሩ ወፍራም መስመር ግን ቀለም አይደለም፤ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው እርሳስ የሚባለው ብረት ነው።

በመጨረሻ ከታች ጠርዝ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። መስኮቱን ማን ለማን መታሰቢያ እንዳሠራው ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። እኔ አቧራ በምጠርግበት በሉርዱ መስኮት ሥር ያለው ስም የአየርላንድ ስደተኞች ነበር፤ ባልና ሚስት ለሞተች ልጃቸው ያሠሩት። ያቺን እናት ይቅርታ የጠየቅኳቸው ዕለት ስሙን አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መስቀል አማትበው፣ «ነፍሷን ይማር» አሉ።