የጀማሪ ሮክ ባንድን የልምምድ ሕይወት በፎቶ ማስቀረት የሚቻለው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቁ። ሰዎችን ለካሜራ ሳይዘጋጁ ማንሳት ተደብቆ ማንሳት ስላልሆነ፣ የባንዱ አባላትም ሆኑ ልምምዱ የሚካሄድበት ግቢ ባለቤቶች ካሜራ ይዘው እንደሚመጡ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካሜራውን አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው ምንም ሳያነሱ ይቀመጡ። ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ነገር ግን ጊታሪስቱ ሌንስ ባየ ቁጥር ፊቱን ማሳመሩን የሚተወው እርስዎን ሲለምድ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ብርሃኑን ያጥኑ። ክፍሉ አንድ መስኮትና አንድ አምፖል ብቻ ቢኖረው እንኳ ፍላሽ አይጠቀሙ፤ የ35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 1.8 ከፍተው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ከ1600 እስከ 3200፣ የሹተር ፍጥነቱንም (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ወደ 1/125 ሰከንድ ያድርጉ። የድራመሩ እጅ ይደበዝዛል፤ ፊቱ ጥርት ካለ ግን ብዥታውን እኔ ጉድለት አልለውም። በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከታዩ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የኤልኢዲ አምፖሉ ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑና አምፖሉ ከእሱ ጋር ስለሚብለጨለጭ የሹተር ፍጥነቱን ወደ 1/100 ወይም 1/50 ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ዘፈኑ ሲጀመር ስልክ የያዘ ሁሉ ያነሳል። እርስዎ ከዘፈኑ በፊትና በኋላ ያለውን ይጠብቁ፦ አምፕሊፋየሩ በባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ ሲደርስ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ ባዶ ቀዳዳ ሲፈልግ፣ ድምፃዊቷ የግጥሙን አንድ መስመር ከደብተሯ ላይ ስትሰርዝ። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው ፎቶ የተገኘው መብራት በሄደበት ምሽት ነው፤ ጊታሮቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲሉ ድራመሩ ብቻውን ቀጠለ፣ ሌሎቹም የስልካቸውን መብራት አብርተው ከበቡት።

እንደ እኔ ሐዋሳ ውስጥ ከሆኑና አባላቱ ከልምምድ በኋላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ ከወረዱ አብረዋቸው ይሂዱ። ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትጠልቀው በውኃው በኩል ነው፤ ስለዚህ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ጀርባዎን ለሐይቁ ሰጥተው ቢቆሙ ፊታቸው ይበራል፣ ፊትዎን ወደ ሐይቁ ቢያዞሩ ደግሞ ጥላቸውን ብቻ ያገኛሉ።

በመጨረሻም በየምሽቱ ቀኑንና የእያንዳንዱን አባል ስም ከፎቶው ጋር ይመዝግቡ። ጀርመናዊቷ ፎቶ አንሺ አስትሪድ ኪርሸር በ1960 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ውስጥ የእንግሊዙን ባንድ ቢትልስን ስታነሳ አባላቱ አምስት ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ስቱዋርት ሰትክሊፍና ፒት ቤስት በባንዱ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ሳይገለብጡ ሜሞሪ ካርዱን አያጽዱ፤ የዛሬው ቤዝ ተጫዋች በጥግ በኩል በግማሽ የገባበትን ፎቶም አይሰርዙ።