ባዮኬሚስትሪን ሳትሸመድዱ ለማጥናት፦ አንድ ውሻ፣ አንድ ሩጫ፣ አንድ ካላንደር

ሐዋሳ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የባዮኬሚስትሪ ሚድ ከ30 9 አመጣሁ። የሚያናድደው፣ አሥሩንም የግላይኮሊሲስ (ሴል ስኳርን ሰብሮ ጉልበት የሚያወጣበት መንገድ) ደረጃዎች ከነኢንዛይሞቻቸው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣቸው ነበር። ፈተናው ግን ስም አልጠየቀም። "ጡንቻ በግላይኮጅን ተሞልቶ እያለ የደም ስኳር ሲወርድ ለምን ለደሙ አያበድርም?" አለ። ግላይኮጅን ሴል ያጠራቀመው የስኳር ሰንሰለት ነው። ቦታውን ባዶ ትቼው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያጠናሁበት መንገድ ይኸውና።

ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ፈልጉና አንዱን ወር ገንጥሉ። ጀርባው ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ደብተር የሚነፍጋችሁን ቦታ ይሰጣችኋል። ሁለት እስክሪብቶ ያዙ፣ ሰማያዊና ቀይ። ሰማያዊው የሚያበራውን ይጽፋል፣ ቀዩ የሚያጠፋውን። ስለ ቀዩ ቆይቼ እመለሳለሁ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።

አሁን ምዕራፍ ሳይሆን አንድ ክስተት ምረጡ። የኔ እንዲህ ነበር፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በፍቅር ሐይቅ በኩል ዱብ ዱብ እያልኩ ነው፣ ከኋላዬ ውሻ ተነሳ። በቃ። ግማሹ ኮርስ እዚህ ውስጥ አለ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ክቦች ሳሉ፣ አንዱ የጉበት ሴል፣ ሌላው የጡንቻ። በመሃላቸው ደም ይፈሳል። ከዚህ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ደረጃ በሰማያዊ ቀስት አያይዙት። ውሻው ሲጮህ አድሬናሊን ደም ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ አድሬናሊን ሴል ውስጥ አይገባም። እንደ ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ደጅ ቆሞ ይነፋል እንጂ ቤት ገብቶ ወንበር አይደረድርም። ሰምቶ የሚነሳው የቤቱ ሰው ነው።

በሩ ላይ ያለው ጆሮ ሪሴፕተር ይባላል። እሱ ጂ ፕሮቲንን ይቀሰቅሳል፣ ጂ ፕሮቲን አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም፣ ያ ደግሞ ከኤቲፒ (ሴል ለሥራው ጉልበት ከሚያገኝበት ሞለኪውል) ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል የውስጥ መልእክተኛ ይሠራል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ «ፕሮቲን ኪኔዝ ኤ» የተባለውን ኢንዛይም ይፈታዋል፣ ኪኔዙ ፎስፌት እያነሳ ሌሎች ኢንዛይሞች ላይ ይለጥፋል፣ መጨረሻ ላይ ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ ነቅቶ ግላይኮጅኑን ከጫፉ እየቆረጠ ያወርደዋል። ይህን ሁሉ ደረጃ ለምን አስፈለገ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ለማባዛት ነው። አንድ የነቃ ኢንዛይም ብዙ ቀጣዮችን ያነቃል፣ እነሱም እንደዚያው፣ ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው ኢምንት አድሬናሊን እልፍ ስኳር ያስወጣል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርል ሰዘርላንድ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያገኘው ይህንኑ የጉበት ነገር ሲመረምር ነው፣ በ1971 እንደ ፈረንጆቹ ኖቤል ተሸለመበት።

አሁን ቀዩን አንሱ። እያንዳንዱ ሰማያዊ ቀስት ላይ "ይህን ማን ያጠፋዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ጂ ፕሮቲን ያበራውን ጂቲፒ (የኤቲፒ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል) ራሱ ቆርጦ ይጠፋል። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ፎስፎዳይኤስተሬዝ ይሰብረዋል። የተለጠፈውን ፎስፌት ፎስፋቴዝ ያነሳዋል። መልስ ያጣችሁለት ቀስት ካለ እሱን አላጠናችሁትም ማለት ነው።

ማጥፊያው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ለማየት ኮሌራን ውሰዱ፣ እኛ አተት ስንል ከምንፈራቸው ዋናው። የባክቴሪያው መርዝ አንጀት ሴል ውስጥ ገብቶ ጂ ፕሮቲኑን በርቶ እንዲቀር ያደርገዋል። ጂቲፒውን መቁረጥ አቃተው። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ የክሎራይድ በር ይከፈታል፣ ጨው ይወጣል፣ ውሃ ይከተለዋል። አንድ ማጥፊያ ብቻ ነው የተበላሸው፣ ሰውየው ግን በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ኦአርኤስ የሚያድነውም መርዙን ስለሚገድል አይደለም። ስኳርና ሶዲየም አብረው የሚገቡበት ሌላ በር ስላለና መርዙ እሱን ስላልነካው ነው። ለዚህ ነው ከጨው ጋር ስኳር የሚጨመረው። እኔ ይህን የገባኝ ቀን ከሃንድአውቱ ግማሹ ቀለለኝ።

ወደ ሩጫው እንመለስ። ጉልበቱን አሁን ቁጠሩ። "ኤቲፒ የሴል ገንዘብ ነው" የምትለዋን አባባል ብዙም አልወዳትም፣ ገንዘብ ይቀመጣላ! ኤቲፒ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። የሚሮጥ ጡንቻ ያለው ክምችት የጥቂት ሰከንድ ነው፣ እየተሠራ ይበላል፣ እየተበላ ይሠራል። አንድ ግሉኮስ በግላይኮሊሲስ ሲያልፍ የተጣራው ትርፍ 2 ኤቲፒ ነው። ከግላይኮጅን ከተነሳችሁ ግን 3፣ ምክንያቱም ፎስፎሪሌዝ ሲቆርጥ ፎስፌቱን በነፃ ለጥፎ ስለሚያወርደው የመጀመሪያው የ1 ኤቲፒ ወጪ ይቀራል።

ኦክስጅን ከደረሰ ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ የጉልበት ማመንጫ) ይቀበልና ጠቅላላው ወደ 30 ወይም 32 ይደርሳል። የቆዩ መጻሕፍት 36 እና 38 ይላሉ፣ አትደናገጡ። ሚቶኮንድሪያ ኤቲፒ የሚሠራው ፕሮቶን በሽፋኑ ማዶ ገፍቶ አከማችቶ ሲመለስ እንደ ግድብ ውሃ ተርባይኑን እንዲያዞርለት በማድረግ ነው፣ እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ፒተር ሚቸል በ1961 ይህን ሲል ብዙ ሰው አልተቀበለውም፣ በ1978 ኖቤል ሸለሙት። ከፕሮቶኑ የተወሰነው ለማጓጓዣ ይውላል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ድፍን አይወጣም።

የሐዋሳውን ታቦር ተራራ በሩጫ የወጣ ሰው ላክቴትን (ኦክስጅን ሲያጥር ጡንቻ ከስኳር የሚሠራውን) ያውቃል። በማግስቱ ለሚያመው እግር ተጠያቂው ግን እሱ አይደለም፣ ላክቴት ያኔ ከጡንቻው ከወጣ ቆይቷል። ጡንቻ ላክቴት የሚሠራው ኤንኤዲ የተባለውን የግላይኮሊሲስ ረዳት ሞለኪውል ለማስመለስ ነው። ኤንኤዲ ካለቀ ግላይኮሊሲስ ይቆማል፣ ያቺ 2 ወይም 3 ኤቲፒም ትቀራለች፣ ውሻውም ይደርስባችኋል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ለዶርም ጓደኛችሁ በአማርኛ አስረዱት፣ ትምህርቱ ሌላ ቢሆን ይመረጣል። "እሺ፣ ከዚያስ?" ሲላችሁ የምትንተባተቡበት ቦታ ላይ ክብ አድርጉና እሱን ብቻ አንብቡ።

ያ የሚዱ ጥያቄስ? ከግላይኮጅን የወረደው ስኳር ፎስፌት ተለጥፎበታል፣ ፎስፌት የያዘ ስኳር ደግሞ ከሴል አይወጣም። ጉበት ፎስፌቱን የሚያነሳ ኢንዛይም አለው፣ ግሉኮስ 6 ፎስፋቴዝ። ጡንቻ የለውም። ስለዚህ ግሉኮስ አያበድርም፣ ላክቴት ግን ይልካል፣ ጉበት ላክቴቱን ተቀብሎ 6 ኤቲፒ ከስክሶ ግሉኮስ አድርጎ ወደ ደሙ ይመልሰዋል። ይህንንም ከጡንቻ ወደ ጉበት አስምሩት። ቦታ ካለቀ ኢንሱሊንን ሌላ ወር ገንጥላችሁ ሳሉት።