«አልቋል» የሚባለው መቼ ነው? የኮምፒውተር ጨዋታ የምስል ሥራን እንዴት መከታተል እንደሚቻል

ባሕር ዳር ላይ አምስት ሆነን በጣና ሐይቅ ላይ የሚካሄድ የኮምፒውተር ጨዋታ ጀምረን ነበር። ተጫዋቹ ታንኳ እየቀዘፈ ከዘጌ ቡና ያመጣል። ሠዓሊያችን «ታንኳው አልቋል» አለችን፤ እውነቷን ነው፣ ቅርጹ አልቆ ነበር። ፕሮግራም የሚጽፈው ጓደኛችን ወደ ጨዋታው ሲያስገባው ግን ታንኳው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በልጦ ቆመ፤ ቀለምም አልነበረውም። የሚከተለውን አሠራር ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝር አውጡ። ጨዋታውን ከመነሻው እስከ መድረሻው በሐሳባችሁ ተጓዙበትና ዐይን የሚያርፍበትን ሁሉ ጻፉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ቤተ ክርስቲያን» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ማለፍ ትልቁ ስሕተት ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ይከባል። ጉልላቱ አለ፣ ጣሪያው አለ፣ በሮቹ አሉ፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ የራሱ መስመር ይገባዋል። አንድ ሰው በሳምንት የማይጨርሰው ነገር ከተገኘ እንደገና ይከፈል።

ዝርዝሩን በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ሰንጠረዥ አስቀምጡ። ስም፣ ኃላፊ፣ ቅድሚያ፣ ደረጃ እና ፋይሉ ያለበት ቦታ ይበቃሉ። ኃላፊው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን።

ዋናው ነገር ደረጃው ነው። እኛ «አልቋል» የሚለውን ቃል ከሰንጠረዡ አውጥተን በስድስት ቃላት ተካነው፦ አልተጀመረም፣ ወካይ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ጨዋታው ውስጥ ገብቷል፣ ጸድቋል። «ወካይ» ያልነው በትክክለኛው መጠን የተሠራ ባዶ ሣጥን ነው፤ ሠዓሊዋ ገና ሳትጀምር ጨዋታው ውስጥ ይቀመጣል። ለታንኳው ስንል ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን፣ ባለቤቱን አስፈቅደን ርዝመቱን በሜትር ለካን። የደንገሉ እስር ወደ አፍንጫው እየቀጠነ እንዴት እንደሚጠብቅም ሰው አጠገቡ አቁመን ፎቶ አነሳን። ብሌንደር በሚባለው የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ያንኑ ልክ ስናስገባ ታንኳው ቦታውን ያዘ።

ስም አወጣጥ በእኛ ፊደል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ዕቃ» እና «እቃ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ብትፈልጉ ሌላው አይወጣም። ስለዚህ «ዕቃ_ታንኳ_03» ዓይነት አጻጻፍ ምረጡና ቃላቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በላቲን ፊደል ብትጽፉም ችግሩ አይቀርም፤ ጣና በአንድ ነው ወይስ በሁለት «ነ» የሚጻፈው? አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ፋይሎቹን የፋይል ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው ፕሮግራም በጊት የምትይዙ ከሆነ ለትላልቅ ፋይሎች የተዘጋጀውን ጊት ኤልኤፍኤስ ጨምሩበት፤ የጊት ፋይሎች በኢንተርኔት የሚቀመጡበት ጊትሀብ ከ100 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል በተራው መንገድ አይቀበልም። መብራትና ኢንተርኔት ስለሚቋረጡ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ በውጭ ሀርድ ዲስክ ይቀመጥ።

ሰኞ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ተሰብሰቡ። ሰንጠረዡን ከመክፈታችሁ በፊት ጨዋታውን ክፈቱ። «ገብቷል» የተባለው በእርግጥ ይታያል? «ጸድቋል» ብሎ የሚጽፈው ሠሪው ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን። ሁለት ሳምንት በአንድ ደረጃ የቆመ መስመር ካለ ሠሪውን አትውቀሱ፤ ምን እንደያዘው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ፎቶ ወይም ውሳኔ ሆኖ ይገኛል።

ጊዜ ሲያጥር ቅድሚያው ዝቅተኛ የሆነውን አቆዩ፤ መስመሩን ግን አትሰርዙት። እኛ ጉማሬውን «ይቆይ» ብለን ወደ ታች አወረድነውና ያገኘነውን ሁለት ሳምንት ለቀዛፊው እጆች ሰጠናቸው።