የአይን ብሌን ቁስል እንዴት እንደሚድን በእንስሳ ላይ ማጥናት፦ ለጀማሪ

መከር ሲደርስ ጎንደር ላይ አይናቸውን ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ይበዛሉ፣ አንዱን ደምቢያ የማሽላ ቅጠል ቆርጦት ነው፣ ሌላውን ወገራ የገብስ ዛላ ወግቶት። ኮርኒያ፣ ማለትም ከአይናችን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ላይ ላዩን ብቻ ከተላጠ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ይገጥማል፣ ጠልቆ ከተጎዳ ግን ነጭ ጠባሳ ጥሎ ብርሃን ይጋርዳል። ይሄን ልዩነት ለማጥናት ብለን ሰው ላይ ቁስል መፍጠር ስለማንችል ነው እንስሳ የሚያስፈልገን።

መጀመሪያ የሚወሰነው እንስሳው ሳይሆን ቁስሉ ነው። ከላይ ኤፒተልየም፣ መሃል ስትሮማ፣ ከውስጥ በኩል ኢንዶተልየም አለ፣ የትኛውን እንደምታጠኑ ሳታውቁ "አይጥ ይሻላል ጥንቸል" ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። አይጥ ወጪዋ ትንሽ ነው፣ ጂናቸው የተቀየረ ዝርያዎችም አሉ፣ ግን ኮርኒያዋ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ላልለመደ እጅ ያስቸግራል። የጥንቸል ኮርኒያ ሰፊ ነው፣ አይኗንም ቶሎ ቶሎ ስለማታርገበግብ ለፎቶ ትመቻለች። ኢንዶተልየም ለማጥናት ግን ጥንቸልን ተዉአት፤ የሷ ኢንዶተልየም ሴሎች ተባዝተው ቁስሉን ይሸፍኑታል፣ የሰው አይን ውስጥ ግን እንደዛ አይባዙም፣ ስለዚህ መድሃኒቱ ሰራ ያላችሁት ጥንቸሏ በራሷ ድና ሊሆን ይችላል።

የኤቲክስ፣ ማለትም የምርምር ስነ ምግባር፣ ፈቃድ ሳይወጣ እንስሳ አይነካም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የሚቆስለውም አንድ አይን ብቻ ነው፣ በሌላው ታይበት።

ፈቃዱ እስኪመጣ ቄራ ሂዱና የበሬ ወይ የበግ አይን አምጡ። እንደታረደ ወዲያው የወጣውን ተቀበሉ፣ በሳላይን፣ ማለትም በንጹህ የጨው ውሃ፣ በራሰ ጎዝ ጠቅልላችሁ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርጉት፣ በረዶው ግን ኮርኒያውን አይንካው። እጅ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፣ አንድም እንስሳ ሳይጎዳ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቁስሉን መስራት። ጥንቸሏ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዳ፣ አይኗ ላይም ማደንዘዣ ጠብታ ተጨምሮ፣ 6 ሚሊ ሜትር የባዮፕሲ ፓንች፣ ማለትም ጫፉ ክብ ስለት የሆነ መሳሪያ፣ መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል፤ ክብ ምልክት እንዲተው ነው እንጂ እንዲቆርጥ አይደለም። ከዛ ከክቡ ጠርዝ ወደ መሃል ኤፒተልየሙን መላጥ ነው። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ከኤፒተልየሙ ስር ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን አለ፣ እሱ ከተረፈ ሴሎቹ ከዳር ተንሸራተው በላዩ ላይ ቶሎ ይገጥማሉ፣ ከተነሳ ደግሞ ከስትሮማው ጋር መነካካት ይመጣል፣ መዳኑ ይዘገያል፣ ጠባሳም ሊከተል ይችላል። ደነዝ ስካልፔል (የቀዶ ጥገና ቢላ) በዝግታ ከተገፋ ብዙውን ጊዜ ሜምብሬኑን ይተወዋል፣ በባትሪ የምትሽከረከረው ትንሿ መቦርቦሪያ ግን ታነሳዋለች። ሁለቱም መሳሪያ ትክክል ነው፣ ሁለቱን በአንድ ጥናት ማደባለቅ ነው ጥፋቱ። ግማሹን እንስሳ አንዱ ተማሪ በስካልፔል፣ ግማሹን ሌላው በመቦርቦሪያ ሰርቶ ውጤቱን "የመድሃኒቱ ልዩነት" ብሎ መጻፍ የለየለት ስህተት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መሳሪያ፣ አንድ አይነት ግፊት። ሊምበሱን፣ ማለትም ኮርኒያውና ነጩ የአይን ክፍል የሚገናኙበትን ዳር፣ አትንኩት፣ አዲስ ሴል የሚያመነጩት ስቴም ሴሎች እዛ ናቸው።

ማደንዘዣ ጠብታውን ለህመም ማስታገሻ ብላችሁ ደጋግማችሁ እንዳትሰጡ፣ እሱ ራሱ የቁስሉን መዳን ያዘገየዋል። ህመሙን በመርፌ በሚሰጥ መድሃኒት ያዙት፣ አንቲባዮቲክ ቅባትም አይረሳ፣ እንስሳው ማደንዘዣው ላይ እያለም አይኑ እንዳይደርቅ በሳላይን አርጥቡት።

ከዛ ፍሎረሲን፣ ማለትም የተላጠውን ቦታ የሚያሳይ ማቅለሚያ። በጠርሙስ ካለው ጠብታ ይልቅ ቀለሙ የተነከረበትን ወረቀት እመርጣለሁ፣ የተከፈተ ጠርሙስ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ወረቀቱን በሳላይን አርሳችሁ ንኩት፣ ትርፉን እጠቡት፣ በሰማያዊ መብራት ስታዩት የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ፎቶውን ወዲያው አንሱ፤ ከቆየ ቀለሙ ወደ ዳር ይሰርግና ቁስሉ ከልኩ በላይ ሰፍቶ ይታያል። ማስመሪያ በፎቶው ውስጥ ይግባ፣ ርቀቱም መብራቱም አይቀየር።

በ0፣ በ24፣ በ48 ሰዓት እያነሳችሁ ስፋቱን ኢሜጅጄ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ለኩ። 6 ሚሊ ሜትር ክብ 28 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ነው፣ በ24 ሰዓት 14 ከቀረ ግማሹ ገጥሟል ማለት ነው። የሚለካው ሰው የትኛው አይን መድሃኒት እንዳገኘ ማወቅ የለበትም፣ ስለዚህ ፎቶዎቹን ሌላ ሰው በቁጥር ብቻ ሰይሞ ይስጠው።