ከባሕር ዳር ሆኖ ከዋክብትንና ፕላኔቶችን እንዴት መለየት ይቻላል?

ባሕር ዳር ላይ ሰማይ ለማየት የወጣ ሰው እግሩ የሚወስደው ወደ ጣና ዳር ነው። ቦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተማው ያለው በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስለሆነ ወደ ውሃው መመልከት ማለት ወደ ሰሜን መመልከት ነው። ፕላኔቶች ደግሞ ሰሜን አድማስ አጠገብ ዝር አይሉም። የሰሜን ኮከብን ካልፈለጋችሁ በቀር ጀርባችሁን ለሐይቁ ስጡ።

1. ምሽቱን ምረጡ

ክረምቱን እርሱት። ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ደብዛዛ ከዋክብትንና ፍኖተ ሐሊብን ለማየት ጨረቃ የሌለችበት ወይም ዘግይታ የምትወጣበት ምሽት ያስፈልጋል። ለፕላኔቶች ግን ጨረቃ ብዙም አታስቸግርም። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር ደግሞ እናንተ ወደ ጣሪያ ውጡ፤ ከዚያ የተሻለ ዕድል አይገኝም።

2. ቦታ ያዙ

ደቡብና ምሥራቁ ያልተከለለ፣ የመንገድ መብራት ዓይን የማይወጋበት የፎቅ ጣሪያ ይበቃል። ሐይቁ ዳር የምትሄዱ ከሆነ ብቻችሁን አትሁኑ፤ በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። ለወባ ትንኝ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፤ በመሃል ስልክ ከከፈታችሁ ልፋቱ እንደገና ይጀመራል። የግድ ብርሃን ካስፈለገ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት።

3. አቅጣጫውን በከዋክብት ያዙ

በጥር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ኦርዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ አናት ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። መለያው በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት ናቸው፤ ቀበቶው ይባላሉ። የቀበቶውን መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትከተሉት ከሰማዩ ከዋክብት ሁሉ ደማቁን ሲሪየስን ታገኛላችሁ፤ በተቃራኒው ብትሄዱ ቀላ ያለውን አልዴባራንን፣ ከእሱም አልፎ ሰባቱ ከዋክብት የሚባለውን ትንሽ ክምችት። ከሲሪየስ በታች ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚያበራው ካኖፐስ ነው፤ በድምቀት ከሲሪየስ ቀጥሎ ሁለተኛ።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን ሚያዝያን ነው፤ ደመና ካልከለከለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ጣና አዙሩ። ከውሃው በላይ ከፍ ብለው ሰባት ከዋክብት እንደ ተገለበጠ ጭልፋ ይታያሉ። ከእጀታው በተቃራኒ ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ከዋክብት አገናኙና መስመሩን በመካከላቸው ያለውን ርቀት አምስት እጥፍ ያህል ወደ ታች ሳቡት፤ የሚቀበላችሁ የሰሜን ኮከብ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቡጢያችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡት ኮከቡ ከቡጢው ጥቂት ከፍ ይላል። አንድ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ 11.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ሁልጊዜ ከቆማችሁበት ኬክሮስ ጋር ይቀራረባል። ውሃው ላይ ጭጋግ ካለ ላይታይ ይችላል፤ ያኔ ሌላ ምሽት መሞከር ነው።

ከዚያው ሳትነቃነቁ ወደ ደቡብ ዙሩ። ሁለት ቡጢ በማይሞላ ከፍታ ላይ የደቡብ መስቀል ቆሟል፤ በስተግራው ሁለት ደማቅ ከዋክብት ይከተሉታል። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን መስቀል ከአገሩ ሆኖ አያየውም።

4. ፕላኔቱን ከኮከቡ ለዩ

ፕላኔቶች የሚሄዱት ፀሐይና ጨረቃ በሚሄዱበት መንገድ ነው። ያ መንገድ እዚህ አገር አናት አካባቢ ስለሚያልፍ ከፍ ብለው ለማየት ያመቻሉ። ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፕላኔት ብርሃኑ የረጋ ነው። ይህን መለያ ግን አድማስ አጠገብ አትመኑት፤ እዚያ የሁሉም ብርሃን ይንቀጠቀጣል። ከፍ እስኪል ጠብቁ።

ጁፒተር ነጭና ደማቅ ነው፣ ማርስ ቀላ ይላል፣ ሳተርን ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ቬነስን ማንም አይስታትም፤ አጥቢያ ኮከብ የምንላት እሷ ናት፣ በሌላ ወቅት ደግሞ ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ ትታያለች። ሜርኩሪ ለፀሐይ ቅርብ ስለሆነ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

የእጅ ባይኖኩላር ካላችሁ ክርናችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉና ጁፒተርን እዩት፤ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች እንደ ነጥብ ተሰልፈው ይታያሉ። የሳተርን ቀለበት ግን ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።

5. በ2019 ዓ.ም. ምን ይታያል?

መስከረም 24 ሳተርን ከፀሐይ ተቃራኒ ይሆናል፤ ፀሐይ ስትገባ በምሥራቅ ይወጣና ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። ከኅዳር ጀምሮ ቬነስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በምሥራቅ ናት። ዋናው ግን የካቲት ነው፤ በወሩ መጀመሪያ ጁፒተር፣ የካቲት 12 ደግሞ ማርስ እንደ ሳተርን ከፀሐይ ተቃራኒ የመሆን ተራቸው ይደርሳል። በሰማዕታት ቀን ምሽት 2 ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ሁለቱ በአንድ ቡጢ ያህል ተራርቀው ይታያሉ፤ ጁፒተር ከላይ፣ ማርስ ከሥሩ። ጨረቃም ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት እዚያው አካባቢ ትሆናለች። ካመለጣችሁ ማርስ ተመልሶ እንዲህ የሚደምቀው በመጋቢት 2021 ዓ.ም. ነው።